በጥር ጃማይካን መዞር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። በጥር አራት ጓደኛሞች መኪና ተከራይተን ጃማይካን ልንዞር አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ወቅቱን በደንብ መርጣችኋል፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ የአውሎ ነፋሱም ጊዜ አልፏል። ከኪንግስተን ጀምሩ። ብሉ ማውንቴን የሚባለው ተራራ 2,256 ሜትር ነው፤ ሌሊት ተነስታችሁ ከወጣችሁ የፀሐይዋን መውጫ ከጫፉ ላይ ታያላችሁ፣ ግን ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። ቡናውንም እዚያው ቅመሱ። ከዚያ ወደ ኦቾ ሪዮስ ከተማ። የዳንስ ሪቨርን ፏፏቴ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚወጣው፣ ከጓደኛ ጋር ደግሞ በጣም ደስ ይላል፤ ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ የውሃ ጫማ አትርሱ። መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው፣ የተራራው መንገድም ጠባብ ነው። እባካችሁ ከመሸ አትንዱ። ኢትዮጵያውያን መሆናችሁንም ተናገሩ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ራስታዎች ዛሬም ያከብሩታል።