በአንጎል ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ስለሚረጋ ደም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከወለድኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ራስ ምታቱ ከቀን ወደ ቀን እየባሰብኝ ነው፤ ሲቲ ስካን ተነሥቼ ግን ምንም የለም ተብያለሁ። ልረጋጋ?

መልስ፦ አይረጋጉ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተመልሰው ይታዩ። ያለ ኮንትራስት (የደም ሥሮችን አጉልቶ የሚያሳይ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) የተነሣ ሲቲ ስካን በብዙ ታማሚዎች ላይ ምንም ለውጥ ስለማያሳይ፣ «ሲቲው ንጹሕ ነው» ማለት «የረጋ ደም የለም» ማለት አይደለም። ሐኪሙ ደም መላሽ ሥሮቹን ለይቶ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ማለትም ሲቲ ቬኖግራፊ ወይም ኤምአርአይ ከኤምአር ቬኖግራፊ ጋር፣ እንዲያዝልዎ በግልጽ ይጠይቁ። አራስነት ለዚህ ሕመም በእጅጉ ከሚያጋልጡ ጊዜያት አንዱ በመሆኑ ጥያቄዎ ከበቂ በላይ ምክንያት አለው።

በወሊድ ጊዜ ጀርባዎ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወግተው ከሆነ ደግሞ ሕመሙ የሚብሰው መቼ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ከመርፌው የሚመጣው ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ ሲቀመጡና ሲቆሙ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀልላል። ከረጋ ደም የሚመጣው ግን የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን ስለሚጨምር፣ ሲተኙ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ሊብስ ይችላል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ በተለይ ተኝተው ይቀልልዎ የነበረው ሕመም ጠባዩን ከቀየረ፣ የእይታ ብዥታ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ወይም የአንድ ጎን ድካም ከተከተለ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣውን ቅሪት የሚለካው የዲ-ዳይመር የደም ምርመራ ቢደረግ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ውጤቱ ከፍ ማለቱ ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ ዝቅ ማለቱ ግን፣ በተለይ ሕመሙ ከጀመረ ከሰነበተ ወይም ምልክቱ ራስ ምታት ብቻ ከሆነ፣ በሽታው የለም አያሰኝም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሽታው ሲገኝበት አንጎሉ ውስጥ መጠነኛ መድማትም ታይቷል። ሐኪሞቹ ግን ደም የሚያቀጥን ሄፓሪን ጀመሩለት። ይህ ስሕተት አይደለም?

መልስ፦ ሥጋትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ሐኪሞቹ ያደረጉት ትክክለኛውን ነው። ደም መላሽ ሥሩ ሲዘጋ ደሙ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በዚህም ምክንያት ትንንሽ ሥሮች ፈንድተው ይደማሉ። የመድማቱ ምንጭ መዘጋቱ ስለሆነ፣ ሄፓሪን የረጋው ደም እንዳይስፋፋ በመግታት ምንጩን ያክማል። በጀርመን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ትንሽ ጥናት፣ አንጎላቸው ውስጥ መድማት የነበረባቸውን ታማሚዎች ጭምር ይዞ፣ ሄፓሪን የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። የዛሬዎቹ መመሪያዎችም በዚሁ ምክንያት የሚመጣ መድማት ሕክምናውን ሊያስቀር እንደማይገባ ይናገራሉ። ታማሚው ግን በቅርብ ክትትል ሊያዝ ይገባል፤ አንጎሉ አብጦ ንቃቱ ከቀነሰ የራስ ቅሉን በከፊል በመክፈት ግፊቱን የሚቀንስ ቀዶ ሕክምና ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ እስከ መቼ ይወሰዳል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ወር ነው። መንስኤው ጊዜያዊ ከሆነ ያጥራል፤ የመርጋት ዝንባሌው ከባድና ዘላቂ ከሆነ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን እንክብል የሚወስዱ ሰዎች አይኤንአራቸው (ደማቸው ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ቁጥር) ከ2 እስከ 3 መካከል መሆኑን በየጊዜው ያስመርምሩ። እንደ ዳቢጋትራን ያሉት አዳዲስ መድኃኒቶችም ለብዙዎች ይሆናሉ፤ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም (የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ደም በቀላሉ እንዲረጋ የሚያደርግበት ሕመም) ላለበት ሰው ግን ዋርፋሪን ይመረጣል። የዓይን ምርመራ መርሳት የለብዎትም፤ የራስ ቅል ግፊት ከፍ ብሎ ከቆየ የእይታ ነርቭን በዝግታ ሊያጠፋው ይችላል።

ጥያቄ፦ የእርግዝና መከላከያ እንክብል እወስድ ነበር። ከዳንኩ በኋላ ልመለስበት? ወደፊትስ መውለድ እችላለሁ?

መልስ፦ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ወዳለበት መከላከያ አይመለሱ፤ ኢስትሮጅን የሌለባቸው አማራጮች፣ ለምሳሌ ሉፕ፣ አሉልዎ። መውለድ አልተከለከለም። ሆኖም እርግዝና ከማሰብዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ዋርፋሪን ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በቆዳ ሥር የሚወጋ ሄፓሪን ይሰጣል።