ገብቶኛል ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ በኋላ ደግሞ የአቪዬሽን ሠልጣኞችን አስተማርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከሁለተኛው ሥራዬ ያገኘሁትን ነው። አውሮፕላን የማብረር ሐሳብ ለሌላችሁም ይጠቅማል።

በአገራችን «እንግሊዝኛ ይችላል» የሚባለው ማን ነው? ሳያቋርጥ የሚያንበለብለው ነው። አነጋገሩ ፈረንጅ ፈረንጅ የሚሸተው፣ ከባድ ከባድ ቃላት ጣል የሚያደርገው። ክፍል ውስጥ እሱ ሲናገር ሌላው አንገቱን ይደፋል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምሮ፣ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ አጥንቶ፣ ዲግሪ ይዞ፣ አንድ የውጭ ሰው ፊት ሲቆም ላብ የሚያጠምቀው ወጣት ስንት ነው! ሰዋስው ቸግሮት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ወደ ፓሲቭ ቀይር ብትሉት ያለ ስህተት ይቀይርላችኋል። ያላስተማርነው ሌላ ነገር ነው። ሳይገባው ሲቀር አልገባኝም ማለትን፣ የሰማውን ማረጋገጥን፣ የተናገረው ነገር ሌላው ሰው ጋ መድረሱን ማየትን አላስተማርነውም።

አየር ላይ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በጥር 1982 ዓ.ም. የአቪያንካ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ከኮሎምቢያ ተነስቶ ኒው ዮርክ ሊያርፍ ሄደ። አየሩ መጥፎ ስለነበር በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። መሬት ላይ ሆነው በረራውን በሬዲዮ ከሚመሩት ተቆጣጣሪዎች ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገረው ረዳት አብራሪው ነው። ለማረፍ ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ዋናው አብራሪ በስፓኒሽ «ኢመርጀንሲ ላይ ነን ብለህ ንገራቸው» አለው። ረዳቱ ግን «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ብሎ አስተላለፈ። ዋናው አብራሪ «ነገርካቸው?» ብሎ ጠየቀው። «አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ» አለ።

ተቆጣጣሪዎቹ ሁኔታው ምን ያህል አስጊ እንደሆነ አልተረዱም። በዚያ ሙያ ሌላውን አውሮፕላን ሁሉ ወደ ጎን የሚያስደርገው «ኢመርጀንሲ» ወይም «ሜይዴይ» የሚለው የድረሱልን ጥሪ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተነገረም። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጨርሶ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ለሠልጣኞቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። የረዳት አብራሪው ዓረፍተ ነገር ስህተት አልነበረበትም። ፈተና ላይ ቢጻፍ ሙሉ ማርክ የሚያሰጥ ነው። ሰውየው ነግሬያለሁ ያለውም ከልቡ ነው። ግን መናገሩን እንጂ መሰማቱን አላረጋገጠም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ የምንለው፣ የአብራሪዎችንና የተቆጣጣሪዎችን እንግሊዝኛ የሚመዝንበት መስፈርት አለው። ስድስት ነገር ይታያል። የድምፅ አወጣጥ፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ ሰምቶ መረዳት፣ እና ከሰው ጋር መግባባት። እርከኑም ስድስት ነው፤ በዓለም አቀፍ በረራ ለመሥራት አራተኛው ይበቃል። አሁን ልብ በሉ። አራተኛ እርከን ላይ ያለ ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋው ቅላጼ ቢሰማበት አይከለከልም። አልፎ አልፎ ሰዋስው ቢሳሳትም፣ ትርጉሙን እስካላዛባ ድረስ ያልፋል። የማይታለፈው ግር ያለውን ነገር መጠየቅ፣ ማረጋገጥና ማብራራት ካልቻለ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ነፍስ የሚጓዝበት ሙያ የፈረንጅ ቅላጼ አልጠየቀም። እናንተ ታዲያ በቅላጼያችሁ ለምን ትሸማቀቃላችሁ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሌም ደስ ይለኛል። በሬዲዮ ንግግር 3 ቁጥር በደንቡ «ትሪ» ተብሎ ነው የሚጠራው። «three» ሲባል መነሻው ላይ ያለው፣ ምላስን በጥርስ መሀል ማስገባት የሚፈልገው ድምፅ ለብዙ ሕዝብ ስለሚከብድና ሬዲዮ ላይም በደንብ ስለማይሰማ ነው። ለንደን የተወለደውም አብራሪ ሬዲዮ ላይ «ትሪ» ማለት ይጠበቅበታል። የእኛ ልጆች ግን በዚችው ድምፅ ክፍል ውስጥ ይሳቅባቸዋል።

ደግሞ አብራሪው የተሰጠውን መመሪያ «እሺ» ብሎ አያልፍም። ከፍታውን፣ አቅጣጫውን፣ የመንደርደሪያውን ቁጥር መልሶ ይደግመዋል። ተቆጣጣሪውም አዳምጦ ስህተት ካለ እዚያው ያርመዋል። ሠልጣኞቼ መጀመሪያ አካባቢ ይህን በጣም ያፍሩበት ነበር። መድገም ያልገባው ሰው ሥራ ይመስላቸዋል። እኛ ያደግነው ታላቅ ሲናገር «እሺ ጋሼ፣ እሺ እትዬ» እያልን ነው። ድገሙልኝ ማለት ድፍረት ይመስለናል። ባይገባንም ይሉኝታ ይዞን ራሳችንን እንነቀንቃለን። በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ይሉኝታው ላይ ሀፍረት ይደረብበታል።

ሌላም የእኛ የሆነ ነገር አለ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎ እንላለን አይደል? ስልክ ላይ ያለ የውጭ ሰው ይህን ሲሰማ የደነገጥን ይመስለዋል። ወይም ምንም አይሰማውም፤ መልስ ይጠብቃል። «አልመጣም?» ተብለን ስንጠየቅ ደግሞ ካልመጣ «አዎ» እንላለን። በእንግሊዝኛ በዚያው ቦታ «ኖ» ነው የሚባለው። ስለዚህ «የስ» ስንል ሰውየው መጥቷል ብሎ ይሄዳል። ተማሪዎቼን በሁለት ፊደል አትመልሱ እላቸው ነበር። «ሂ ሃዝ ኖት ካም» በሉ፣ ይለቅ። ማንም አይሳሳትባችሁም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ሲቪል መሐንዲስ ሆኗል። ከቻይናውያን ጋር መንገድ ይሠራል። የእሱም የእነሱም ቋንቋ ያልሆነ እንግሊዝኛ ነው የሚያግባባቸው። የእናንተም ዕጣ ይኸው ነው። አብዛኞቻችሁ እንግሊዝኛ የምትናገሩት ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካዊ ጋር አይሆንም። ከቻይናዊ፣ ከህንዳዊ፣ ከቱርክ፣ ከኬንያዊ ጋር ነው። ታዲያ ይህ ልጅ አንድ ቀን በስልክ የሲሚንቶ ከረጢት ብዛት ይነገረዋል። ፊፍቲን ይሁን ፊፍቲ አልለየለትም። «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዜሮ?» ብሎ ጠየቀ። «ዋን ፋይቭ» ተባለ። «ኦኬ፣ ዋን ፋይቭ ባግስ፣ ቱደይ» ብሎ ደገመና ዘጋ። ይህን ሲነግረኝ እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዘዴው የአብራሪዎች ነው፤ ቁጥርን አንድ በአንድ ነው የሚጠሩት። ማንም ሳያስተምረው ሥራው አስተማረው።

ስለ መሳቅ ግን የምለው አለኝ፤ በዚህ ጉዳይ አልለሳለስም። አንድ ሰው፣ ባለሥልጣንም ይሁን ስፖርተኛ፣ በእንግሊዝኛ ሲናገር ተሳሳተ ተብሎ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይዞራል። ሰው ይስቃል። ያን የሚያይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ይማራል? አፉን መዝጋት ይማራል። ሯጩ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ ትንፋሹ ገና ሳይሰበሰብ ማይክ ሲደቀንበት፣ በሦስተኛ ቋንቋው መልስ መስጠቱ ሊያስመሰግነው ነው የሚገባው። እባካችሁ እንዲህ ያለውን አታጋሩ። ክፍላችሁ ውስጥም የሚስቅ ካለ ተው በሉት።

የቋንቋ ልምምድ መተግበሪያ፣ ፊልም፣ ዩቲዩብ ጥሩ ነው፤ ጆሮ ያሠለጥናል። ግን ስክሪን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ አያፋጥጣችሁም። በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁም አንብቡ፣ ጻፉ። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ማስረዳት ያቃተው ሰው በእንግሊዝኛ ድንገት አይቃናለትም።

ለልምምድ የሚሆን አንድ ነገር ልስጣችሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ለዓመታት ሠርቶልኛል። ከጓደኛችሁ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። አንዳችሁ ቀለል ያለ ሥዕል ያዙ፤ ቤት፣ ዛፍ፣ በር ላይ የታሰረ ፍየል። ሥዕሉን ሳታሳዩ በእንግሊዝኛ ንገሩት፤ እሱ እየሰማ ይሣል። አማርኛ ክልክል ነው። ሰዋስው ማረምም ክልክል ነው። ሣዩ ግን አንድ ግዴታ አለበት። እርሳሱን ወረቀት ላይ ከማሳረፉ በፊት የሰማውን መልሶ መናገር አለበት። «ዘ ጎት ኢዝ ኦን ዘ ሌፍት ኦፍ ዘ ዶር?» «ኖ፣ ኦን ዘ ራይት።» ሲያልቅ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጉና የት ላይ እንደተለያያችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ።