ከፍታ ላይ ካለ አሮጌ ግንድ ቀይ ወይን ጠጅ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። በእፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አለኝ፣ ላብራቶሪም ሠርቻለሁ። ሕልሜ ከፍታ ቦታ ላይ ካሉ አሮጌ የወይን ግንዶች፣ ከአንድ ማሳ ብቻ የሚወጣ ቀይ ወይን ጠጅ መሥራት ነው። በወይን ጠጅ ጥመቃ ማስተርሴን ልማር ወይስ የቅምሻ ሰርተፊኬት ልያዝ? ደግሞስ አልዘገየሁም?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አልዘገየሽም። ከሌላ ሙያ ዞረው እዚህ የሚገቡ ሰዎች ሞልተዋል፣ አብዛኞቹም ካንቺ ይበልጣሉ።

ከሁለቱ ግን አንዱንም አሁን አትጀምሪ። መጀመሪያ በብርዱ ወራት የመግረዣ መቀስ ይዘሽ ማሳ ግቢ፤ ከዚያ አንድ የለቀማ ወቅት ጥመቃው ላይ ሥሪ። ማስተርሱ የትም አይሄድም።

እንዲህ የምልሽ ለምን መሰለሽ? ትልቅ አምራች ከብዙ ማሳ የመጣ ጠጅ አለው። አንዱ ቢቀጥንበት ከሌላው ቀላቅሎ ያስተካክለዋል። ከአንድ ማሳ ብቻ የምትሠሪ ከሆነ ግን ይህ መውጫ የለሽም፤ ማሳው በዚያ ዓመት የሰጠሽን ነው ጠርሙስ ውስጥ የምታስገቢው፣ በረዶ ከመታው ደግሞ ጭራሽ የምትሸጪው ላይኖርሽ ይችላል። የጠጁ ዕጣ ባብዛኛው የሚለየው ዘለላው ታንክ ከመግባቱ በፊት ነው። ማሳውን የማታውቅ ጠማቂ ደግሞ ጎበዝ ኬሚስት ብትሆንም እዚህ ሥራ ላይ ግማሽ ሰው ናት።

ከፍታው ሥራውን ያከብደዋል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው አሲዱን ይዞ ይቆያል፤ ቀን ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ ደግሞ ልጣጩ ይወፍራል፣ ቀለሙና ታኒኑም (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ይበረታል። ሰው የሚወደው ይህንን ነው። ግን ፍሬው ዘግይቶ ይበስላል፤ ቆላ ያሉት ለቅመው ጨርሰው ጠጃቸው እየፈላ አንቺ ገና ሰማይ ሰማዩን እያየሽ ዝናቡ ቀደመኝ አልቀደመኝ ትያለሽ። እምቡጥ ሲወጣ ውርጭ አለ። ተዳፋት ስለሆነ ብዙ ቦታ ትራክተር አይገባም፣ ሁሉም ነገር በእጅ ነው። ጉልበትሽና ወገብሽ ጤነኛ መሆናቸውን አስቢበት፣ ቀልዴን አይደለም።

ስለ ዕድሜው ደግሞ ብዙ ሰው የማይወድልኝን ነገር ልናገር። ግንድ ስላረጀ ብቻ ጥሩ ጠጅ አይሰጥም። አንዳንዱ እስካሁን የቆየው ምርጥ ስለሆነ ነው፤ አንዳንዱ ባለቤቱ ነቅሎ አዲስ የሚተክልበት ገንዘብ ስላጣ ነው። ዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ትርጓሜ አሮጌ የሚባለው ዕድሜው በሰነድ የተረጋገጠ፣ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ግንድ ነው። በአውስትራሊያዋ ባሮሳ ደግሞ ከ35 ተነስተው 70፣ 100፣ 125 እያሉ በደረጃ ይከፍሉታል። ከዕድሜው በላይ ማወቅ ያለብሽ አያያዙን ነው። ያረጀ ግንድ በአንድ የተሳሳተ መቀስ ቁስል ይያዝና የእንጨት በሽታ ይገባዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሞታል። ስለዚህ ጥሩ ገራዥ ይፈለጋል፣ እንዲያውም ከጥሩ ቀማሽ ይልቅ ይፈለጋል።

አሮጌነትና ከፍታ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ብዙ አይደለም። ሲሲሊ ላይ የኤትና እሳተ ገሞራ ተዳፋት አለ፤ ኔሬሎ ማስካሌዜ የሚባለው ዝርያ እስከ 1,000 ሜትር አካባቢ ይበቅልበታል። ፊሎክሴራ የተባለው የሥር ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ወይን ሲጨርስ አሸዋማው የእሳተ ገሞራ አፈር ያተረፋቸው ግንዶች አሁንም አሉ። ስፔን ውስጥ ከማድሪድ ወደ ምዕራብ የግሬዶስ ተራሮች አሉልሽ፣ ጋርናቻ የተባለው ቀይ የወይን ዝርያ ያረጀ ግንድ የሞላበት። አርጀንቲና ውስጥ በሳልታ የካልቻኪ ሸለቆ ማሳዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጡ አሉ። ሜንዶሳ ውስጥ ያለው ጓልታሊያሪ በከፍታው በጣም ዝነኛ ነው፤ ግን ታዋቂው የአድሪያና ማሳ ራሱ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። መቶ ዓመት የሞላው ግንድ ከፈለግሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለአንድ ጠርሙስ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ፍሬ ይሄዳል። አንድ ሄክታር ላይ 3,000 አሮጌ ግንድ ቢኖርና እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ቢሰጥ 2,500 ጠርሙስ ገደማ በይው። ከዚያ ላይ የስንት ሰው ደመወዝ ይወጣል? ለዚህ ነው ብዙ አምራች የአንድ ማሳውን ጠጅ ከሌሎች፣ በብዛት ከሚሸጡ ጠጆች ጎን ለጎን የሚያወጣው። የምትቀጠሪውም ለሁሉም ነው፤ ሕልምሽ ያ አንድ ታንክ ቢሆንም ቀንሽ የሚያልፈው ሌሎቹን በማጠብ ነው።

መታጠብ ስል የምር ነው። በለቀማ ወቅት ሥራው ባብዛኛው ቱቦ፣ ፓምፕና ውሃ ነው። በየቀኑ የሚፈላውን ጠጅ ሙቀትና የስኳር መጠን ትለኪያለሽ፣ ወደ ላይ የተንሳፈፈውን ልጣጭ ወደ ታች ትገፊያለሽ፣ 12 ሰዓት መሥራት የተለመደ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጠጅ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ከአየር ስለሚከብድ ታንኩ ውስጥ ይተኛል፣ ሰውም ይገድላል። አየሩ ሳይለካና አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ሳይጠብቅሽ ታንክ ውስጥ እንዳትገቢ፣ አለቃ ቢቆጣም ይቆጣ።

ስለ ትምህርቱ አጠር ላድርገው። ዳብሊው ኤስ ኢ ቲ የሚባለው የቅምሻ ሰርተፊኬት ሻጭና አስተናጋጅ ለሚሆን ሰው ጥሩ ነው፤ ላንቺ ሁለተኛው ደረጃ ይበቃል፣ ጠጅ መሥራት አያስተምርሽም። ጠማቂ ለመሆን ማስተርስ ይጠቅማል፤ በሞንፔሊዬ፣ በጋይዘንሃይም፣ በአደሌድና በዴቪስ ያሉት ተቋማት ስማቸው የታወቀ ነው። ግን ማሳና ታንክ አይተሽ ስታመለክቺ የምትጽፊው ደብዳቤ ራሱ ሌላ ይሆናል።

ሲቪሽን አይቼዋለሁ። «ለወይን ጠጅ ጥልቅ ፍቅር አለኝ» የሚለውን አጥፊው፣ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። በምትኩ አሲድ በቲትሬሽን መለካት እንደምትችይ ከላይ አስፍሪ፤ ለቀማ ላይ ላብራቶሪ የሚችል ሰው እንደ ውሃ ይፈለጋል። ፎርክሊፍት መንዳት ብትማሪ ደግሞ ግማሹን ተወዳዳሪ ታልፊያለሽ። ቃለ መጠይቅ ላይ አንቺም ጠይቂ፦ ማሳው የራሳቸው ነው ወይስ ፍሬ ይገዛሉ? የሚገርዘው ማን ነው? ፍሬ የሚገዙ ከሆነ ግንዱ አጠገብ ላትደርሺ ትችያለሽ።

በደቡብ ንፍቀ ክበብ ለቀማው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ በሰሜኑ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ቪዛው ጊዜ ስለሚወስድ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት አመልክቺ። የተስተካከለውን ሲቪ ላኪልኝና አየዋለሁ።