ከቦዬ ረግረግ ደለል እንጀራ ይወጣል ወይ?

ጠያቂያችን በጅማ የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ፤ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ። የመመረቂያ ጥናትሽን በቦዬ ረግረግ ደለል ባክቴሪያዎችና በካርቦን ዑደት ላይ ልትሠሪ አስበሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ «ጭቃ አገላብጠሽ ማን ይቀጥርሻል?» ብለው አስጨንቀውሻል። ዕቅድሽ ደለሉን ፔትሪ ዲሽ ላይ አብቅሎ ኮሎኒ መቁጠር ነው።

ርዕሱን አትልቀቂ፤ ዘዴውን ግን ቀይሪ። ከደለል ረቂቅ ተሕዋስያን መካከል በተለመደው አጋር (የባክቴሪያ ማብቀያ ጄል) ላይ የሚበቅሉት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። አንቺ የምትፈልጊያቸው ደግሞ አየር ሲነካቸው ሥራቸውን የሚያቆሙ ናቸው። ቆጠራው ስለ ካርቦን የሚነግርሽ ነገር የለም።

ኦክስጅን ከደለሉ ገጽ ከጥቂት ሚሊሜትር አልፎ አይወርድም። ከዚያ በታች የበሰበሰው ቄጠማና ፊላ የሚፈርሰው በተራ ነው፤ በኦክስጅን ፈንታ መጀመሪያ በናይትሬት፣ ቀጥሎ በማንጋኒዝ፣ በብረት፣ በሰልፌት። እነዚህ ሲሟጠጡ ተራው የሚቴን አምራቾቹ ይሆናል። እነሱ አርኪያ (ከባክቴሪያ የተለየ የረቂቅ ተሕዋስያን ወገን) እንጂ ባክቴሪያ አይደሉም፤ ፕሮፖዛልሽ ላይ «ሚቴን አምራች ባክቴሪያ» ብለሽ ከጻፍሽ ፈታኞችሽ ከዚያ ይጀምራሉ። የባክቴሪያዎቹ ድርሻ ከእነሱ በፊትና በኋላ ነው። ቃጫውን ሰባብረው አሲቴትና ሃይድሮጅን የሚያቀርቡላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ወደ ላይ የሚወጣውን ሚቴን ገጹ አጠገብ ጠብቀው የሚበሉትም ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው።

በንጹህ ውሃ ረግረግ ሰልፌት ጥቂት ስለሆነ ሚቴን በቶሎ ተራ ይደርሰዋል። የጅማ ቀይ አፈር ግን በብረት ኦክሳይድ የበለጸገ ነው። ጎርፍ አፈሩን ወደ ረግረጉ ሲያወርደው ብረት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች አሲቴቱን ከሚቴን አምራቾቹ ይሻሙታል። ጥያቄሽን ከዚህ አውጪው፦ የአዌቱ ወንዝ ውሃ በሚገባበት፣ በመሃሉና ለጡብ አፈር በሚቆፈርበት ጠርዝ፣ ብረቱ የሚያይለው የት ነው? ሚቴኑስ? ይህ ከባክቴሪያ ስም ዝርዝር እጅግ የሚበልጥ ጥያቄ ነው።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ጊዜሽን አፍስሺ፤ ጥናት የሚበላሸው እዚያ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቱቦ የታችኛውን አፉን በሞረድ አሹዪ። ቀስ ብለሽ ደለሉ ውስጥ አስገቢው፤ ከመንቀልሽ በፊት የላይኛውን አፍ በጎማ ክደኚ፤ ካልከደንሽው ደለሉ ተመልሶ ይወርዳል። በቱቦው ውስጥና ውጭ ያለውን የደለል ከፍታ ለኪ፤ ውስጡ ዝቅ ካለ ተጨምቋልና ልዩነቱን መዝግቢ። በየቦታው ሦስት ቱቦ ውሰጂ። አንዱን ቱቦ ሦስት ቦታ ከፍለሽ «ሦስት ድግግሞሽ» ብትይ ስታቲስቲክሱ ዋጋ አይኖረውም። ቱቦዎቹን አቁመሽ በበረዶ ሳጥን ውስጥ አምጪ፤ በዚያው ቀን 0–2፣ 2–5 እና 5–10 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪ። ግራጫው ደለል ዝገት መምሰል ከጀመረ አየር ገብቶበታል፤ ያ ናሙና ለብረት ልኬት አይሆንም።

ከየንብርብሩ ጥቂቱን በ105 ዲግሪ አድርቀሽ፣ በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥይና መዝኚ፤ የጎደለው የኦርጋኒክ ቁስ ግምት ነው። የሸክላ አፈር በዚህ ሙቀት በውስጡ የያዘውን ውሃም ስለሚያጣ ቁጥሩ ከፍ ይልብሻል፤ ይህን ሳትደብቂ ጻፊው። ለብረቱ ደለሉን በ0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለ1 ሰዓት አውጥተሽ ብረት ሲያገኝ ቀለም በሚሰጠው ፌሮዚን በ562 ናኖሜትር አንብቢ። ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለምን ድምቀት በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ይበቃል።

ለሚቴኑ 120 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ 20 ግራም እርጥብ ደለልና 20 ሚሊ ሊትር የቦታውን ውሃ ጨምሪ። በቡቲል ጎማ ዘግተሽ በሁለት መርፌ ለ10 ደቂቃ ናይትሮጅን አሳልፊበት። ሌላ ዓይነት ጎማ ጋዝ ያሾልካል። ጨለማ ውስጥ፣ ረግረጉ ላይ በለካሽው ሙቀት አስቀምጪው፤ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን በደንብ ነቅንቀሽ ጋዝ ውሰጂ። በወሰድሽው ልክ ናይትሮጅን መልሺ፤ ማቅጠኑንም በስሌት አስገቢ። በ121 ዲግሪ ኦቶክሌቭ የተደረገ (በእንፋሎት ግፊት የመከነ) ደለል ያለበት ጠርሙስ ለንጽጽር አይቅር። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ይረሱታል፦ በጅማ ከፍታ የአየር ግፊት 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ጠለል 101 ብለሽ ካሰላሽ ውጤትሽ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ያብጣል።

ዲኤንኤውን ተይው አንልሽም። ከየንብርብሩ 2 ግራም በ96 ፐርሰንት ኢታኖል አስቀምጪ፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ እየቀለጠ እንደሚበላሸው አይሆንም። የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ሌላ ላቦራቶሪ ሊያነብልሽ ይችላል፤ የተበላሸ ናሙና ግን ማንም አያድነውም።

ወደ ሥራው እንምጣ። «የደለል ባክቴሪያ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። የሚወጣው የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ የአፈር ምርምር ረዳት የሚል ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲያደርጉ ስለሚያስገድድ፣ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች በመስክም በላብም የሠራ ሰው ያስፈልጋቸዋል። የሀገር የግሪንሃውስ ጋዝ ቆጠራም በረግረግ ላይ የ2013 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ መመሪያ አለው፤ ያንን አንብበሽ ቃለ መጠይቅ ከገባሽ ልዩነትሽ ይታያል። የቡና እጥበት ፍሳሽን የኦክስጅን ፍላጎት በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን መለካትም የዚሁ ሙያ ቅርብ ዘመድ ነው፤ በጅማ ዞን የሚጠቅም ችሎታ ስለሆነ በተጨማሪ ተማሪው።

ሲቪሽ ላይ «ማይክሮባዮሎጂ እወዳለሁ» አትጻፊ። «የደለል ናሙና በቱቦ አውጥቻለሁ፤ ያለ ኦክስጅን ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ፤ የጋዝ ምርት መጠን አስልቻለሁ» ብለሽ ጻፊ።

ፕሮፖዛሉን ከማስገባትሽ በፊት አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ጋዝ ክሮማቶግራፍ (ጋዞችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ይገኛል ወይ? ካለ ሚቴኑንም ብረቱንም ለኪ። ከሌለ ብረቱን ያዢ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥምደሽ በአሲድ ቲትሬት አድርጊ። ዝናቡ ሳይከብድ አንድ ዙር፣ ከከበደ በኋላ አንድ ዙር ናሙና ለመውሰድ ቀኑን ከአሁኑ ቁረጪ።