ጽዋው አየር ላይ የቀረ ቀን

ወገኖቼ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አሜሪካ ከገባሁ 24 ዓመት ሆኖኛል፣ በነዚህ ዓመታት ስድስት የፕሬዚዳንት ምርጫ አይቻለሁ፣ እንደ 2024ቱ ግን ቤታችን ድረስ የገባ አላየሁም። ኖቬምበር 2026 ላይ የኮንግረስ ምርጫ አለ፣ ከዛ በፊት የሆዴን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ምርጫው የዋለው በኛ ጥቅምት 26 ነበር፣ በማግስቱ ረቡዕ መድኃኔዓለም። የዛን ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ሰው ያስታውሰዋል፣ ገሚሱ ሌሊቱን ሙሉ ቲቪ ላይ አፍጥጦ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል፣ ገሚሱ ደግሞ ደስታው ከፊቱ ያስታውቃል፣ ስልክ ግን የሁሉም ኪስ ውስጥ ቅዳሴ መሀል ይነዝራል።

እኛ የመድኃኔዓለም ማኅበር አለን፣ በሥራ ምክንያት ከ27 ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው የምንሰበሰበው። 12 ነን፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሺፍቱን የሚሸፍንለት፣ ሀገር ቤት ሐዘን ሲደርስበት ቤቱ ሄደን ፍራሽ ላይ አብረን የምናድር ሰዎች ነን። የዛን ቅዳሜ ባለተራው ወንድማችን ትራምፕን የመረጠ ነው፣ የውርጃው ነገር ሕሊናውን ስለሚከብደው። ጽዋውን የሚረከበው ደግሞ ሚስቱን ለማምጣት ፕሮሰስ የጀመረ፣ ያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረ ሰው ነው። ምግቡ ተበላ፣ የንስሐ አባታችን ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ባለተራው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳና ዘረጋለት። "ካንተ እጅ አልቀበልም" አለው። በቃ ይቺን ብቻ። ጽዋው አየር ላይ ቀረ፣ የተሸፈነበት ነጭ ጨርቅ ጫፉ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጥግ ላይ የነበረች የዘጠኝ ዓመት ልጅ "ማሚ፣ ጋሼ ለምንድነው እምቢ ያለው?" ብላ ጠየቀች፣ እናቷ መልስ አጣች፣ እኛም አጣን።

ጽዋው እኮ የመድኃኔዓለም ነው።

ለሁለቱም አዝናለሁ፣ ሁለቱም ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። ግን ወገኖቼ ትንሽ ወደኋላ ሄደን እንየው። ኦክቶበር 2020 ላይ ትራምፕ ስለ ዓባይ ግድብ ሲያወራ ግብፅ ታፈነዳዋለች ያለ ጊዜ ስንቶቻችን ነን ደማችን ፈልቶ ለባይደን የተሳልነው? ዓመት ሳይሞላ በ2021 የባይደን ማዕቀብ መጣ፣ ከዛ አጎዋ (የኢትዮጵያ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ታገደ፣ በዛው በ2021 ቨርጂኒያ ላይ በገዢው ምርጫ ጊዜ ደግሞ ብዙዎቻችን ከዴሞክራት ዞረን ለሪፐብሊካን በር እያንኳኳን ቀሰቀስን። በአንድ ዓመት ውስጥ አዳኝ ያልነው ጠላት ሆነ፣ ጠላት ያልነው አዳኝ ሆነ። መቀስቀሱ መብታችን ነው፣ ሲቲዝን የሆነ ሰው ቢመርጥ ደስ ይለኛል፣ እኔም እመርጣለሁ። ችግሩ ለሰው የማይገባውን ተስፋ ሰው ላይ መጫናችን ነው። ዳዊት "ማዳን በማይችሉ በሰው ልጆችና በአለቆች አትታመኑ" ይላል፣ መዝሙር 145 (በሌላው አቆጣጠር 146 የሚለው) ላይ፣ ቀጥሎም ነፍሱ ስትወጣ ወደ መሬቱ ይመለሳል፣ ያን ቀን ምክሩ ሁሉ ይጠፋል ይላል። ይሄ ለአሸነፈውም ለተሸነፈውም የተነገረ ነው።

ፖለቲካ መሠዊያ ድረስ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። መንግሥት ሲቀየር ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበር ወርደው ተሰደዱ፣ ሲኖዶሱ ሁለት ሆነ፣ እስከ ጁላይ 2018 ድረስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ማለት ነው። እዚህ ዲሲ አካባቢ በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት አጥቢያዎች ሰላም አይባባሉም ነበር፣ ክርስትና ተጠርቶ "የማን ሲኖዶስ ነው?" ብሎ የሚቀር ዘመድ አውቃለሁ። እርቁ እዚሁ ዋሽንግተን ተፈጽሞ አባታችን ሀገራቸው ሲገቡ ያላለቀሰ ማን ነው? ታዲያ ያን እንባ ሳናደርቅ በሰው ሀገር ፓርቲ ደግመን ልንከፋፈል ነው?

በእግዚአብሔር መታመን ማለት ደግሞ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ፣ እዚህ ላይ ኮስተር ብዬ ልናገር። ወረቀታችሁ ያልተስተካከለ፣ አሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ላይ ያላችሁ፣ በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) የቆያችሁ፣ ቲክቶክ ላይ በሚለቀቀው ወሬ አትሸበሩ፣ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂዱ፣ ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ፣ አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ በፍርሃት አትቅሩ። ፍርሃት ሲበዛ አጭበርባሪ ይበዛል፣ ከምርጫው በኋላ ጠበቃ ነኝ ላለ ሰው 3,000 ዶላር ከፍላ ፎርም እንኳን ያልገባላት እህት አጠገቤ አለች፣ የልጆች ጠባቂ ሆና ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመችው ነበር። ጸልዩ፣ ከጸሎቱ ቀጥሎ ተነሱና ስልክ ደውሉ። ጉዳያችሁ ያለቀላችሁ ደግሞ፣ ምርጫው ደስ ያሰኛችሁም ጭምር፣ የሚፈራውን ሰው ጠበቃ ጋ በመኪናችሁ አድርሱት፣ አስተርጉሙለት።

ስለ መሪዎቹም እንጸልይ። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ነገሥታት ጸልዩ ሲለው የነገሠው ኔሮን ነበር እኮ፣ የሚወደድ ሰው ስለነበር አይደለም። ኤርምያስም ባቢሎን ለተማረኩት የላከው ቃል ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ነው፣ በእሷ ሰላም እናንተም ሰላም ታገኛላችሁና። እኔ ማታ ማታ ሳልመርጠው የቀረሁትን ሰው ስም ጠርቼ እጸልያለሁ፣ መጀመሪያ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ አሁን ግን ዜና ስሰማ ልቤ እንደ ድሮው አይደልቅም።

ጽዋውን ያን ቀን እኔ ተቀበልኩ፣ የኔ ተራ ባይሆንም። በወሩ ቤቴ ሲዘጋጅ ባለተራው የነበረው ወንድማችን ድፎ ዳቦ አስጋግሮ ቀድሞ መጣ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ያኛው አልመጣም። የሚስቱ ጉዳይ ገና ነው፣ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ሁልጊዜ እደውልለታለሁ፣ እስካሁን ሁለቴ አነሳልኝ፣ ባለፈው ሲያነሳ "ዳቦ የጋገረው ማን ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ዝም አለ፣ ስልኩን ግን አልዘጋውም።