ፎቶው አልሄድ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ስልክ መጠገን ሥራዬ ነው፤ ሱቄ ስታዲየም አካባቢ ናት። ደንበኛ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚለው ያው ነው፦ «ሜሴጅ እምቢ አለኝ።» እኔም ቀድሜ የምጠይቀው ያው ነው፦ «በምንድን ነው የምትልከው?» ቴሌግራም ነው፣ ዋትሳፕ ነው፣ ወይስ የስልኩ የራሱ ሜሴጅ? መንገዳቸው ለየቅል ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። የደረሱኝን ጥያቄዎች እያሳጠርኩ ልመልስ።

«የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ አራት ኪሎ። የቀብር መልእክት ለአባላቱ በስልክ ሜሴጅ በላኩ ቁጥር ካርዴ እልም ይላል። አንዳንዱም ግማሹ ብቻ ደረሰኝ ይላል።»

ጋሼ፣ ማንም አልሰረቀዎትም። አንድ የስልክ ሜሴጅ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በአማርኛ ግን 70 ብቻ ነው፤ ክፍተቱም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ራሱ ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል፣ ሂሳቡም በቁራጭ ነው። ከቁራጮቹ አንዱ መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ አባሉ ጋ የሚደርሰው የተጎመደ ነገር ነው።

የላኩልኝን መልእክት አየሁት። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ፣» ብሎ ይጀምራል። ይህ ሰላምታ ብቻውን 37 ምልክት በላ፤ ማን እንደሞተ ገና አልተነገረም። እንዲህ ቢሉትስ? «አቶ እገሌ አርፈዋል። ቀብር ነገ 6 ሰዓት ቅድስት ሥላሴ። እድርተኛ ይገኝ።» ከነክፍተቱ 47 ነው። በአንድ ሜሴጅ ሒሳብ ያልቃል። ሰላምታውን ለቀስተኛው ሲሰበሰብ ይደርሳሉ።

በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ መጨረሻ ላይ አንዲት የሚያለቅስ ፊት የሚጨምርም አለ። ያቺ አንዲት ምልክት ሙሉውን ሜሴጅ ወደ 70 ታወርደዋለች።

«የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ናት። የልጇን ክርስትና ፎቶ ለቤተሰቡ ሁሉ በሜሴጅ ላከች። ሌሎቹ አሜሪካ ያሉት ደርሷቸዋል፣ እኔ ጋ የለም።»

እዚያ ሰው በስልኩ ሜሴጅ ፎቶ መላክ ልማዱ ነው። ኤምኤምኤስ ይባላል። ለብዙ ሰው ባንድ ላይ ሲላክም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ችግሩ ኤምኤምኤስ ከአገር አገር ሲሻገር ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ የሁለቱ አገር ቴሌዎች መስማማት አለባቸው። መጠኑም ትንሽ ነው። ከጥቂት መቶ ኪሎባይት እስከ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚፈቀደው፣ ያሁኑ ካሜራ ደግሞ አንዱን ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ያደርገዋል። እዚህ ያለሽ ስልክ ምንም አላጠፋም። «በቴሌግራም ላኪልኝ» በያት፣ ያበቃል።

«ሁለት ሲም አለኝ፣ ቴሌና ሳፋሪኮም። ፎቶ በስልኩ ሜሴጅ ለመላክ ስሞክር ‹አልተላከም› ይላል። ዋይፋይ እኮ አለኝ!»

ኤምኤምኤስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዋይፋይ አይሄድም፤ የሚሄደው በላክበት ሲም ዳታ ነው። ሜሴጁን በአንዱ ሲም እየላክ ዳታው የበራው በሌላው ከሆነ ብዙ ስልክ ላይ እዚያው ቆሞ ይቀራል። የዳታውንና የሜሴጁን ሲም አንድ አድርገህ ሞክር። ካልሆነ የኔትወርክ ሴቲንጉ ነው። ቴሌ ከሆነ 994 ደውለህ ለኤምኤምኤስ የሚሆነውን ሴቲንግ ጠይቅ። ያም ሳይሞከር «ፎርማት ይደረግ» የሚልህ ሰው ካለ ስልክህን ተቀብለህ ውጣ።

«ቴሌግራም ‹እየተገናኘ ነው› እያለ ይሽከረከራል። ዩትዩብ ግን ይሠራል።»

ይህ በየሳምንቱ የሚመጣብኝ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራም ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳለህ። ያኔ ያልገባንበት ቪፒኤን፣ ያልነካነው የፕሮክሲ ሊንክ የለም፤ ሁለቱም መስመሩን በሌላ ሰው ኮምፒውተር በኩል አዙረው የሚያስገቡ ናቸው። መስመሩ ሐምሌ ላይ ተከፈተ፣ ፕሮክሲው ግን ስልካችን ውስጥ ተረስቶ ቀረ። አንዳንዱ ስልክ ላይ እስካሁን በርቷል፤ የፕሮክሲው ባለቤት ደግሞ ድሮ ዘግቶታል። ስልክህ የሞተ በር እያንኳኳ ነው።

ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታና ስቶሬጅ፣ ከዚያ ፕሮክሲ ግባ። አጥፋው። ዝርዝሩንም ሰርዘው። ቪፒኤንም ካለህ ዝጋው፤ በተለይ ነጻ የሆነውን። ጽሑፍ እያሳለፈ ፎቶ ላይ የሚያንቀው እሱ ነው።

«የእናቴ ዋትሳፕ ከቶ አልከፈት አለ። ቀኑ ተሳስቷል ይላል። እኔ ነኝ እንዲገባት ብዬ በእኛ አቆጣጠር ያስተካከልኩላት።»

አሳቢ ልጅ ነሽ፣ ግን ስልኩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስደሽዋል። ስልክ ከሰርቨር፣ ማለትም ከዋትሳፕ ዋና ኮምፒውተር፣ ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን መታወቂያ ያያል። መታወቂያው ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል አለበት። የእማማ ስልክ ደግሞ ያ ቀን ገና አልደረሰም ባይ ነው። ስለዚህ አላምንም ብሎ ይዘጋል። ሰዓቱን ብቻ በስድስት ሰዓት ያዛወሩትም አሉ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ባይዘጋም የሜሴጁን ቅደም ተከተል ያተራምሰዋል።

ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ አውቶማቲክ መልሺው። ለቀኑ የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ጫኚላት። ለሰዓቱ አንድ ዘዴ አለ፦ በስልኩ ሰዓት አፕ ላይ ከተማ ጨምሪ፣ «ቦነስ አይረስ» በይ። አርጀንቲና ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ስልኩ ጠዋት 9 ሲል እዚያ 3 ነው፣ ልክ የእኛ ሦስት ሰዓት። ያንን ሰዓት ፊት ለፊቷ አውጪላት። እማማ አርጀንቲና ምን እንደሆነች ማወቅ የለባቸውም።

«ደመራ ላይ መስቀል አደባባይ ሆኜ ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ ግን የሰዓት ምልክቱ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።»

አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ሁሉ ካንተ ጋር ያንኑ አንቴና ይሻማል። ጽሑፍ ኢምንት ናት፣ ሾልካ ታልፋለች። ፎቶ ከእሷ በሺህ እጥፍ ይከብዳል። ደጋግመህ አትላክ፤ ወረፋውን የምታረዝመው አንተው ነህ። ወደ ለገሃር ወይም ወደ ካዛንቺስ ወጣ ስትል ራሱ ይሄዳል።

«የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጻፍ እችላለሁ፣ ፎቶ መላክ ግን አልችልም።»

አድሚኑ ዘግቶታል። እሱን ለምነው። በሁሉም ግሩፕ ላይ ከሆነ ግን አካውንትህ ራሱ ተገድቦ ሊሆን ይችላል፤ ቴሌግራም ላይ ስፓምቦት ብለህ ፈልግና ጠይቀው፣ እስከ መቼ እንደሆነም ይነግርሃል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ለማታውቀው ሰው ማስታወቂያ መበተን ነው። አልበተንኩም የምትል ከሆነ ስልክህን ለማን እንዳዋስክ አስብ።

«ሁለት ራይት አየሁ። እቁብተኛው ሁሉ አይቷል ማለት ነው?»

በየትኛው? ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁለት ራይት ማለት ቢያንስ አንድ ሰው አይቶታል ማለት ነው። ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ግን ሁሉም ስልክ ጋ ደርሷል ማለት ነው፤ ሰማያዊ ሲሆን ነው ሁሉም ያዩት። ስለዚህ «ሁለት ራይት እያየሁ ብሩን አልላክህም» ብለሽ ከሰው ከመጣላትሽ በፊት እወቂው። ቴሌግራም ላይ ግሩፑ ከ100 ሰው ካልበለጠ መልእክቱን ስትጫኚው ያዩትን በስም ያወጣልሻል፣ ለ7 ቀን ብቻ።

«ስልኬ ፎቶ ሞልቶት ሳለ ቴሌግራም ውስጥ ሦስት ፎቶ ብቻ ነው የሚታየው።»

መጀመሪያ ፍቃድ ሲጠይቅሽ «የተመረጡ ፎቶዎች» ብለሽ አልፈሻል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ቴሌግራም፣ ፍቃድ ውስጥ ገብተሽ ሁሉንም ፍቀጂ።

«የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ልኬ ‹ቁጥሩ አይነበብም› ተባልኩ።»

አፑ ጨምቆት ነው። ቴሌግራም ላይ ስትልክ «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» በል፣ ዋትሳፕ ላይ ደግሞ «ዶክመንት»። እንዳለ ይሄዳል። ዳታ ይበላል፣ ለደረሰኝ ግን ያዋጣል።