ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ፊልሙ ግን የለም

ጥያቄ፦ የትልቋን ልጄን ሠርግ ያስቀረጽኩበት ዲቪዲ አለኝ። ማጫወቻችን ስለተበላሸ በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ገዝቼ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት። ዲስኩ ይሽከረከራል፤ «ቪዲዮ ቲኤስ» እና «ኦዲዮ ቲኤስ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮችም ይታያሉ። ሁለተኛው ግን ባዶ ነው። ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየርም አላጫውት አለ። ትንሹ ልጄ «ይሄ ዲስክ አልቆለታል፣ ይጣል» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ኧረ እንዳይጥሉት! ፎልደሮቹ ከታዩዎት ድራይቩ ዲስኩን እያነበበው ነው። ባዶው ፎልደርም አያስደንግጥዎት፤ በፊልም ዲቪዲ ላይ ሁልጊዜም ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ድምፁ ከምስሉ ጋር አብሮ «ቪዲዮ ቲኤስ» ውስጥ ተቀምጧል።

የጎደለው ፕሮግራም ነው። የዲቪዲ ምስል የሚታመቀው ኤምፔግ 2 በሚባል ዘዴ ነው። ይህን የሚፈታው ኮዴክ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ የፈቃድ ክፍያ ነበረበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ዲቪዲ ማጫወቱን ተወው። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ ደህናውን ድራይቭ ስወለውል አምሽቻለሁ።

ቪኤልሲ የሚባለውን ነፃ ማጫወቻ ይጫኑ። ኮዴኩ አብሮት ስለሚመጣ ሌላ ነገር አይፈልጉም። «ሚዲያ» የሚለውን ከፍተው «ኦፕን ዲስክ»ን ይምረጡ፣ ከዚያ ዲቪዲ፣ ከዚያ «ፕሌይ»። የዲስኩ ማውጫ (ሜኑ) ላይ ተገትሮ ከቀረ «ኖ ዲስክ ሜኑስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው እንደገና ያስጀምሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ወይም ስቱዲዮ የተቀዳ ዲስክ ፋብሪካ እንደታተመው አይደለም። መረጃው የተጻፈው በቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ በሙቀትና በፀሐይ ይበላሻል። ስለዚህ ከማየትዎ በፊት ይገልብጡት። «ቪዲዮ ቲኤስ»ን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ይውሰዱት። ተራ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ከ4.7 ጊጋባይት አይበልጥም። ቪኤልሲ ፎልደሩንም እንደ ዲስክ ያጫውተዋል። መገልበጡ መሃል ላይ ቀጥ ካለ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ይጥረጉት። ክብ እየዞሩ ግን አይጥረጉት፤ ክብ ጭረት የባሰ ነው። ካልሆነም ሌላ ድራይቭ ይሞክሩ፤ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ግልበጣውን ደግሞ ለዚያ «ይጣል» ላለው ልጅዎ ይስጡት።